ከፒያሳ ወደ ጣና ደሴቶች፦ ዕቅዱ ከደሴቱ ይጀመር

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ይዤ ጣና ወረድኩ። እዚሁ አዲስ አበባ መሀል ከተማ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ገንዘባችንን ተቀብሎ «ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል» ብሎን ነበር። ጀልባው ክብራን ገብርኤል ሲጠጋ ካፒቴኑ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እናቴ፣ እርስዎ እዚሁ ነው የሚቆዩት፤ ገዳሙ ለወንዶች ብቻ ነው» አላት። እናቴ ምንም አልተናገረችም። መውረጃው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን እጥፍ አድርጋ ራሷ ላይ ጣለች። እኔ ወጥቼ እስክመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ጠበቀችኝ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ወደ ታች ወርደው በእጅ መስቀላቸው ባርከዋት፣ በጣሳ ጠበል ሰጥተዋት አገኘኋት። «በል እንግዲህ ያየኸውን ንገረኝ» አለችኝ፤ ባሕር ዳር እስክንገባ ስነግራት ቆየሁ።

ገዳሙ የቆየ ሕጉን ነው የጠበቀው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አንድ ጥያቄ ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ እናቴ የምትገባበትን ደሴት እንመርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼንና የሰፈራችንን ማኅበርተኞች ስወስድ ዕቅዱን የምጀምረው ከአውሮፕላን ትኬት አይደለም። መጀመሪያ ደሴቱን፣ ቀጥሎ ንፋሱን፣ ከዚያ ጀልባውን፣ በመጨረሻ ትኬቱን። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ይሄድና ቀኑም ደሴቱም ሳይገጥምለት ይቀራል።

አንደኛ፦ ማን እንደሚሄድ ጽፋችሁ ደሴቱን ምረጡ

ወረቀት አውጡና የሚሄዱትን ሰዎች በሙሉ ጻፉ፤ ሴት ስንት፣ ወንድ ስንት፣ ጉልበቱን የሚያመው ማን ነው፣ ሕፃን አለ ወይ። ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከገዳምና ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙ ስለሆኑ «የትኛው ያምራል?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ያስገባናል?» በሉ።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ነው፤ ታሪክ ለሚወድ ወንድ ትልቅ ቦታ ነው፣ ግን ሩቅ ነው፣ ዳገቱም ቀጥ ያለ ነው። ለድብልቅ ቡድን የምመክረው የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም እዚያ ናቸው፤ ሴቶችም ወንዶችም ይገባሉ። ዘጌ ራሱ ደሴት ባይሆንም ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ የደሴቶቹ ጉዞ አካል ተደርጎ ነው የሚታየው።

ክብራንን ማየት የሚፈልግ ወንድ፣ ሴቶችም ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ የሚፈልግ ቡድን ካላችሁ አንድ ዘዴ አለ። ከክብራን ፊት ለፊት እንጦስ ኢየሱስ የምትባል ደሴት አለች፤ የሴቶች ገዳም ናት፣ ሁሉም ይገባባታል። ካፒቴኑ ሴቶቹን እንጦስ ያወርዳል፣ ወንዶቹን ክብራን ያደርሳል፣ ተመልሶ ሁሉንም ይሰበስባል። እናቴን ድንጋይ ላይ ካስቀመጥኩበት ቦታ እንጦስ በዓይን ትታይ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

አቅመ ደካማ ሰው ከያዛችሁ ደብረ ማርያም ይሻላል። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ ነው፤ ከከተማው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ናርጋ ሥላሴ ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው፤ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው፣ ሴቶችም ይገባሉ። ነገር ግን በተራ የሞተር ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ሙሉ ቀን ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ናርጋን፣ ዘጌንና ክብራንን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ካለ አንዱንም በወጉ አያይም።

ሁለተኛ፦ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን

የጣና ጠዋትና የጣና ከሰዓት ሁለት የተለያዩ ሐይቆች ናቸው። ጠዋት ውኃው ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ይተኛል። ከቀኑ ስድስትና ሰባት ሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ገላጣ ውኃ ላይ ሞገዱን የሚያቆመው ነገር የለም። ጀልባው ከገደል የወረደ ያህል እየተመታ ውኃ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነስቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ መመለስ ነው ደንቡ። «ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ በልተን እንነሳለን» የሚል ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ካለ ከአሁኑ አሳምኑት።

ከወራቱ ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ይመረጣል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ዳርቻው አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጭቃው ወደ ዑራ የሚያወጣውን የእግር መንገድ ያበላሹታል።

የበዓል ቀን ላይ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ሥርዓቱን፣ ከበሮውን፣ ጽናጽሉን ማየት ከፈለጋችሁ የካቲት 16 ዑራ ኪዳነ ምሕረት መገኘት ነው። የግድግዳውን ሥዕል በእርጋታ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ከወርኃዊ በዓላቱ ራቁ፤ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ7 ሥላሴ ሕዝቡ ይበዛል፣ ቅዳሴውም ይረዝማል። ጥምቀትን ባሕር ዳር ለማክበር ያሰበ ደግሞ ማረፊያውን ከወራት በፊት ይያዝ።

ሦስተኛ፦ ሰላሙን አጣሩ

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የመንገድ ጉዞ እንደ ድሮው አይደለም። እኛ ድሮ ሌሊት በአውቶቡስ ተነስተን፣ የዓባይን በረሃ ጎህ ሲቀድ እያየን፣ ደጀን ቁርስ በልተን ነበር የምንደርሰው። ያንን መንገድ እወደዋለሁ፤ አሁን ግን ሰው ይዤ በመኪና አልሄድም። በአውሮፕላን ከቦሌ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

በአውሮፕላን መሄድም ብቻውን አይበቃም። ከጉዞው ሳምንት በፊት፣ ሦስት ቀን በፊትና ዋዜማው ላይ ባሕር ዳር የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋ ደውሉ። የምትጠይቁት «ሰላም ነው?» ብቻ አይሁን፤ ሁላችንም «ሰላም ነው እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መመለስ ለምደናል። «ዛሬ ጀልባ ወጥቷል? ስንት ሰዓት ላይ ነው ባጃጅ የሚቆመው? ከአየር ማረፊያ እስከ ከተማው ትናንት ማን ሄደ?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ካፒቴኑንም እንዲሁ፤ ወደ ከተማው የሚቀርቡት ደሴቶች ሰላም ሆነው ሩቆቹ ላይሆኑ ይችላሉ። መልሱ የሚያወላውል ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉ። የትኬቱ መቀጫ ተከፍሎ ይረሳል።

ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሁለተኛ ዕቅድ የምይዘው፤ እሱም ዝዋይ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ላይ ያለችው ባቱ ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ የዛይ ማኅበረሰብ ሲኖርባቸው የቆዩ ናቸው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች፤ በትውፊት በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተደብቃ የቆየችባት። እዚህ የምጽፈው የጀልባ፣ የንፋስና የገዳም ነገር ሁሉ እዚያም ይሠራል።

አራተኛ፦ ጀልባውን ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ተዋዋሉ

ባሕር ዳር ወደብ ላይ ስትደርሱ ጀልባ አይጠፋም። ግን ቦርሳ ተሸክሞ፣ ፀሐይ እየወጣ፣ ስምንት ሰው ከኋላ እያጉረመረመ ዋጋ መከራከር ከባድ ነው። በማኅበር የተደራጁ የጀልባ ባለቤቶች አሉ፤ ያረፋችሁበት ሆቴልም ያገናኛችኋል። በስልክ ስትዋዋሉ እነዚህን አንድ በአንድ አስቀምጡ።

ዋጋው በጀልባ እንጂ በሰው አይሁን። በሰው ከሆነ ባለጀልባው ሌላ ተሳፋሪ ጭኖ የእናንተን ሰዓት ያበላሻል። የሚጎበኙት ደሴቶች በስም ይጠሩ፤ «ሁለት ሦስት ገዳም» የሚባል ውል የለም። በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደምትቆዩ፣ ነዳጁ ውስጡ እንዳለበት፣ የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው መሆኑን ተስማሙ። ከዚያ ያወራችሁትን በሙሉ በአጭር መልእክት ጽፋችሁ ላኩለትና «እሺ» ብሎ እንዲመልስ አድርጉ። ቅድመ ክፍያ ከጠየቀ ትንሽ ክፈሉ፤ ቀሪውን ስትመለሱ።

ወደቡ ላይ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባውን በዓይናችሁ እዩ። አንድ ጊዜ የመቀመጫውን ክዳን አንስቼ አንዱን የሕይወት አድን ጃኬት ሳወጣ ማሰሪያው እጄ ላይ ተበጥሶ ቀረ። ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ ነበር፤ ላየው ሰው አዲስ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጃኬት አወጣለሁ፣ ማሰሪያውን ሳብ አድርጌ አያለሁ፣ በሰው ቁጥር ልክ መሆኑን እቆጥራለሁ። ለልጅ የሚሆን ትንሽ መጠን ከሌለ ልጁ አይሄድም። የጀልባው ወለል ላይ የተጠራቀመ ውኃ ካለ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ትርፍ ነዳጅ በጀሪካን አለ? ሞተሩ ቢጠፋ መቅዘፊያ አለ? ጥሩ ካፒቴን በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ጃኬቱን ደግሞ ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ልበሱ፤ ሞገድ ከተነሳ በኋላ ቆሞ መልበስ አይቻልም።

አምስተኛ፦ ገንዘቡ

የእኛ ቡድን ለዚህ ጉዞ ብቻ እቁብ ጀምሮ ነበር። ዕጣ የለውም፤ በየወሩ የተወሰነ ብር ለአንድ ሰብሳቢ ይገባል፣ በስምንተኛው ወር ትኬት ይገዛበታል። የአገር ውስጥ በረራ ቀደም ብሎ ሲገዛ ይቀንሳል፤ መታወቂያ ላይ ያለው ስምና ትኬቱ ላይ ያለው ስም በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ወጪው የት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ከፋፍሉት፤ በረራ፣ ሁለት ሌሊት ማረፊያ፣ ጀልባ፣ የገዳማት መግቢያ፣ ምግብ፣ ለካፒቴኑ ጉርሻ። ለመግቢያና ለምጽዋት ዝርዝር ብር ያዙ። ደሴት ላይ በስልክ ከፍዬ እወጣለሁ አትበሉ፤ ውኃው ላይ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ የሚቀበሏችሁ አባትም ቁልፍ እንጂ የክፍያ ስልክ አልያዙም። ገዳማቱ የመግቢያ ደረሰኝ አላቸው፤ እየጠየቃችሁ ውሰዱ።

ስድስተኛ፦ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ አንድ ቅዳሜ

ይህችን ቅዳሜ ብዙ ሰው ይዘልላታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ እወዳታለሁ። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ቡድኑ ፒያሳ ይገናኛል። ቡና ከጠጣን በኋላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንሄዳለን፤ ጧፍና ዕጣን እዚያ ይሸጣል። ገዳም ባዶ እጅ አይኬድም። ዘቢብም እንጨምራለን፤ ለቅዳሴ ያገለግላቸዋል። ይህን ስጦታ መነኮሳቱ የሚቀበሉበት ደስታ ከብር የተለየ ነው።

ከዚያ በታክሲ ወደ ስድስት ኪሎ እንወጣለን። በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ብዙ የጥንት ሥዕለ አድኅኖ ይዟል። አንድ ሰዓት እዚያ ቁሙ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ጻድቃኑ ፊታቸውን ሙሉ ገልጠው፣ ኃጥአኑ ግን በጎን በአንድ ዓይን ተሥለው ታያላችሁ። ይህን ያየ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገባ የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሸፈነው ሥዕል «ቀለም በቀለም» ሆኖ አያልፈውም፤ ማን ማን እንደሆነ እየለየ ያነበዋል። ከባልደረቦቼ አንዷ ዑራ ቆማ «ይኼማ ያ አንድ ዓይን ነው!» ስትል አብረውን የነበሩት ዲያቆን ገርሟቸው ማብራሪያቸውን ከዚያ ጀመሩላት።

የሚያዝ ዕቃ ላይ አልቆይም። ሰፊ ነጠላ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ወይም ሱሪ፣ ባርኔጣ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ ውኃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት፣ ሹራብ። የወባ ነገር ግን አይዘንጋ። እኛ አዲስ አበባ ስንኖር ወባ አናውቅም፤ ባሕር ዳር ግን አለ። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ማምሻውን ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ።

ሰባተኛ፦ ውኃው ላይና ገዳሙ ውስጥ

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን እነዚህን ደኖች ከዚያ በፊት ያቆየው ግዝት ነው። ዘጌ ላይ ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በወረደ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ኑሮው ቡና ነው፣ ቡናው የሚበቅለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ዑራ ስትወጡ ያን ጥላ ራሳችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የቡናው ዛፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነው፣ አናቱ ላይ ጦጣ ይዘልላል። ቅጠል አትቀንጥሱ፤ የቡና ፍሬ ለመታሰቢያ ብላችሁ አትልቀሙ። የሰው ንብረት ነው፣ ሥርዓቱም አይፈቅድም።

የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የወሰደ ይዞ ይመለስ። እኛ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ጀልባው ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ስንመለስ ቆሻሻው ሁሉ እዚያ ነው። ሐይቁ በእምቦጭ አረም መከራውን እያየ ነው፤ የእኛን ልጨምርበት አልፈልግም። የእምቦጭ ምንጣፍ ካያችሁ ካፒቴኑ በመሀሉ እንዲያቋርጥ አትጫኑት፤ ሞተሩን ያንቀዋል፣ ቁራጩም ወደ ሌላ ዳርቻ ይወሰዳል።

ዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ አለ። «ጠጋ በልልን፣ ፎቶ እናንሳ» የሚባልበት ቦታ አይደለም። ካፒቴኑ ሞተሩን ቀንሶ ርቆ ሲቆም አመስግኑት። ውኃው ውስጥ እግር መንከርም ይቅር፤ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዝያ አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ጫማ ይወልቃል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በሥርዓቱ መሠረት ወደ ውስጥ ስለማትገባ ይህን ቡድኑ ውስጥ ያለች ታላቅ እህት ለሴቶቹ አስቀድማ ብትነግራቸው ደጅ ላይ የሚያፍር ሰው አይኖርም። ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የስልኩን ፍላሽ ግን በፍጹም አትክፈቱ፣ ቀለሙን ይጎዳል። ሥዕሉን በጣት አትንኩ። አስረጂው አባት ሲናገሩ አታቋርጧቸው፤ ሲጨርሱ ጠይቁ፣ ያኔ ነው ከንግግሩ ውጭ ያለውን የሚነግሯችሁ።

የቀኑ አካሄድ

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በረራ ባሕር ዳር ግቡ። ጠዋት በርሬ ከሰዓት ጀልባ እሳፈራለሁ ያለ ሰው በቀጥታ ንፋሱ ውስጥ ነው የሚገባው። ማታ ዓሣ በልታችሁ በጊዜ ተኙ፤ ካፒቴኑ ጋ ደውላችሁ ሰዓቱን አስታውሱት፣ «በኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ሰዓት» በሉት። ከውጭ አገር እንግዶች ጋር ስለሚሠራ ሰዓቱ ሊምታታበት ይችላል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደብ፣ የጀልባ ፍተሻ፣ ጃኬት። አንድ ሰዓት መነሳት። የሚያቅለሸልሸው ሰው ወደ ኋላ ይቀመጥና ዓይኑን ከስልኩ አንስቶ ሩቁን ዳርቻ ይመልከት። መጀመሪያ ሩቁን፣ ዘጌን ጨርሱ፤ ሁለት ሰዓት ላይ ትወርዳላችሁ፣ ዑራን አይታችሁ አራት ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ትመለሳላችሁ። እንጦስንና ክብራንን በመመለሻው አድርጓቸው፤ ንፋሱ ቀድሞ ቢነሳ እንኳ ለከተማው ቅርብ ሆናችሁ ያገኛችኋል። ሞገዱ ከበዛ ካፒቴኑ «ይቅር» ሲል ይቅር ነው።

እናቴን ባለፈው እንጦስ ወሰድኳት። ከጀልባው ስትወርድ እጄን ይዛ ቆም አለችና ማዶ ያለውን ክብራንን አሻግራ አየች፤ «ያ ድንጋዬ ይታይሃል?» አለችኝ።